የኢቶ መንገደኞች

የመጀመሪያዋ በቅሎ ከዚዝ ወንዝ ወጥታ ሆዷ ላይ የተንጠለጠለውን ውሃ ስታራግፍ፣ አሮጊቷ ኢቶ ከሁሉም ቀድማ የገደሉ አፍ ደርሳ ነበር። የሟች ባሏን ጥቁር በርኖስ ደርባ፣ ጫፉን በመቀነቷ ሸብ አድርጋ፣ በጠጠሩ ላይ ዘንግ እየመረኮዘች ስትራመድ ከሩቅ ላያት ወንድ ትመስላለች። በርኖሱን ግን የሸለቆው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባሏ የዓዲ ልጅ ሞሃ በሕይወት ሳለ፣ ያን በርኖስ ከፊት ያየ ሽፍታ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ «በሰላም እለፉ» ነበር የሚለው።

«ፈጠን በሉ!» አለች ዞር ብላ። «ውሃ ውስጥ ቆሞ ወሬ የለም!»

«ላላ ኢቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደርሳለን?» አለ ኮርቻ ሠሪው መኽሉፍ፤ «ላላ» ማለት በአገሩ «እመቤት» ነው። ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠይቅ ነው የዋለው። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ አይሁዳዊ ነውና የቅዳሜ ሰንበት መንገድ ላይ እንዳይገባበት ልቡ ተሰቅሏል።

«እርስዎ ጥያቄ ከቀነሱ እንደርሳለን።»

በቅሎ ነጂው ባሃ ሳቀ። «ጥያቄ ከቀነሰማ ምን ሊሠራ ነው? ኮርቻውን በቅሎዬ ተሸክማለታለች፣ ሙሽራይቱን በቅሎዬ ተሸክማለታለች፣ እሱ የቀረው ሥራ አፉ ብቻ ነው!»

«አንተም እንደ በቅሎህ ብትሆን ምን ነበረበት» አለ መኽሉፍ። «እሷ ዝም ብላ ትሠራለች።»

ፍሬሓ የአባቷን መልስ ሰምታ በሻሿ ሥር ፈገግ አለች። ከታፊላልት የተምር ዛፎች ሥር ከተነሱ ወዲህ ፈገግ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። ሰፍሩ ከተማ ላለ አይታው ለማታውቀው የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ተድራ እየሄደች ነው። ጥሎሿ በሣጥን፣ አባቷ ለአማቹ በቀይ ሐር የጠለፈው ኮርቻ ደግሞ በሰሌን ተጠቅልሎ ኋለኛዋ በቅሎ ላይ ተጭኗል። መጀመሪያ ላይ ፊቷን ሸፍና ስታለቅስ ነበር። ከዚያ ግን ዓይኗ ኢቶ ላይ ተተከለና ማልቀሱን ረሳችው። ሴት ልጅ ከፊት ሆና ወንዶችን ስትመራ አይታ አታውቅም።

በዚያ ዘመን በዚዝ ሸለቆ የሱልጣኑ ትእዛዝ አይሠራም። ሱልጣኑ ፋስ ከተማ ነው፤ ወንዙ ደግሞ በየቁራጩ የየጎሳው ነው። ከአንዱ ጎሳ ምድር ወደ ሌላው የሚሻገር መንገደኛ የዚያ ጎሳ ሰው ዋስ ሆኖ ካልመራው በቀር ነፍሱም ንብረቱም ሜዳ ላይ የወደቀ ነው። የአሻጋሪ ሥራ ይሄ ነበር። የመንገደኛው ደም ከፈሰሰ የአሻጋሪው ስም አብሮ ፈሰሰ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቃሉን አያምንም፤ ሲናገር የሚሰማው፣ ሲሞት የሚቀብረው አያገኝም።

ሞሃ በጸደይ በንዳድ ሲሞት የጎሳቸው የአይት ይዝደግ ሽማግሎች በርኖሱ ለወንድሙ ለሐዱ ይገባል አሉ። ኢቶ ግን «ሱፉን የፈተልኩት እኔ፣ የሸመንኩት እኔ፣ ሞሃ ታሞ ሲተኛ መንገደኛ ያሻገርኩት እኔ። ለማን ነው የምሰጠው?» ብላ ሽማግሎቹን ዝም አሰኘቻቸው። ሐዱ አልተከራከራትም፤ አልመረቃትምም። ባለፈው በጋ አንድያ ልጁን ለሕሰንን በግጦሽ ጠብ የአይት ዓጣ ጎሳ ሰው ገድሎበት ነበርና ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ብዙ አይነጋገርም። ዛሬ ኢቶ ብቻዋን፣ በገዛ ስሟ የምታሻግረው የመጀመሪያው ጉዞ ነበር።

ከኋላ አንድ ወጣት በእግሩ ይከተላል። የቁርአን መጻፊያ ሉሑን በጀርባው አዝሎ ከአንዱ መንደር ላይ የተቀላቀላቸው ደረሳ ነው። «ሰዒድ እባላለሁ፣ ፋስ ልቀራ ነው የምሄደው» ብሎ ሲለምናት ኢቶ ከራሱ እስከ እግሩ አይታ «በርኖሴ ሥር ነህ» አለችው። በቃ፣ መሐላው ይኸው ነበር።

የገደሉ ግድግዳዎች ግራና ቀኝ ከፍ እያሉ፣ ሰማዩም እንደ መቀነት እየጠበበ ሄደ። እዚህ ቦታ መንገዱ ወንዙ ራሱ ነው። ወደ ላይ መውጫው አንድ ብቻ ሲሆን፣ ከገደሉ ወገብ ተጠርቦ ወደ ጥበቃው ግንብ የሚያደርስ ቀጭን ዳገት ነው። በሰሜን ተራሮቹ ላይ የተቆለለው ደመና ጠቁሯል። ኢቶ ጎንበስ ብላ ውሃውን አየች። ቅድም የጠራው ውሃ አሁን ቀላ ብሎ ጭራሮ እየነዳ ነው።

«ባሃ፣ በቅሎዎቹን ንዳ። ላይ ዘንቧል።»

ባሃ ቀልዱን ተወ። ዳገቱ ሥር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጥይት ጮኸ፤ ገደሉም ድምፁን ተቀባበለው። የፍሬሓ በቅሎ ደነበረች፤ ደረሳው ሮጦ ልጓሟን ያዘ።

ዳገቱ አናት ላይ የግንቡ ጠባቂ ሐዱ ቆሟል፤ ረጅሙ የባሩድ ጠመንጃው ይጨሳል። በአጠገቡ ሦስት የጎሳው ሰዎች ጠመንጃቸውን ደግነው ተንበርክከዋል።

«ኢቶ! አንቺና መንገደኞችሽ ውጡ! ደረሳውን እዚያው ተዪው!»

«ደረሳው ምን አደረገህ?»

«ማን እንደሆነ ጠይቂው! ሉሕ ያዘለ ሁሉ ደረሳ አይደለም። ገበያ ያዩት ሰዎች ነግረውኛል።»

ኢቶ ቀስ ብላ ዞረች። «የማን ልጅ ነህ?»

«ሰዒድ ነኝ ብዬ…»

«ስምህን አልጠየቅሁህም። የማን ልጅ ነህ?»

ወጣቱ ልጓሙን ለቀቀ። «የሐሙ ልጅ ዛይድ ነኝ። ከአይት ዓጣ። ባሱ ታላቅ ወንድሜ ነው።»

ፍሬሓ የኢቶ ፊት አመድ ሲመስል አየች። ባሱ ማን እንደሆነ ለኢቶ የሚነግራት አላስፈለገም። ለሕሰንን የገደለው ባሱ ነው።

ኢቶ ዛይድን በጥፊ መታችው። ድምፁ እንደ ጥይቱ ገደሉን ሞላው።

«ዋሸኸኝ! በባሌ በርኖስ ሥር ገብተህ ዋሸኸኝ!»

«እውነቱን ብነግርዎ ይወስዱኝ ነበር?»

«አልወስድህም!»

«እንግዲያስ ምን ላድርግ?» አለ ዛይድ፤ ጉንጩን እንኳ አልዳበሰም። «እኔ ደም አላፈሰስኩም፤ ጠቡ ቦታ አልነበርኩም። ወንድሜ ወደ በረሃ ሸሸ፤ ደሙ ለእኔ ቀረ። ወይ እገደላለሁ፣ ወይ ገድዬ ሌላ ደም አመጣለሁ። ሁለቱንም ስላልፈለግሁ ነው የምሄደው። ስሜን ዋሽቻለሁ፤ ልቀራ መሄዴን ግን አልዋሸሁም።»

መኽሉፍ ከበቅሎው ወርዶ ወደ ኢቶ ተጠጋ። «ላላ ኢቶ፣» አለ በሹክሹክታ፣ «የሚሉትን ይስሟቸው። ልጅ አለችኝ። እባክዎ፣ ልጄ አለች።»

«አባዬ!» አለች ፍሬሓ።

«ዝም በይ አንቺ!»

የዚያን ጊዜ ባሃ እጁን አነሣ። ሁሉም ጆሯቸውን አቀኑ። ከገደሉ ጥምዝ ማዶ፣ ከሩቅ፣ ብዙ ወፍጮ በአንድ ላይ የሚፈጭ የሚመስል ጉምጉምታ ይሰማል። በቅሎዎቹ ጆሯቸውን አቁመው ወደ ኋላ ማለት ጀመሩ።

«ሐዱ!» ጮኸች ኢቶ። «ደራሽ ውሃ ነው! መጀመሪያ እንውጣ፣ ከዚያ እንነጋገራለን!»

«ከወጣ በኋላ ግንቤ ገብቶ የማልገድለው እንግዳዬ ሊሆንብኝ? ሞኝ አይደለሁም! እሱ እዚያው ይቅር፤ ውሃው ይፍረደው! እናንተ ውጡ!»

መውጫው ክፍት ነበር። ኢቶ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብትል ብቻ ሁሉም ይተርፋሉ፤ የሚቀረው አንድ ሰው፣ እሱም የዋሻት ሰው፣ የምትወደውን ልጅ የገደለ ሰው ወንድም ነው። ማንም ደግሞ አይፈርድባትም። ፍሬሓ ትንፋሿን ይዛ ኢቶን ስታይ፣ አሮጊቷ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ከዚያ ዘንጓን ጣለችና የበርኖሱን ደረት ከፈተች።

«ና» አለችው ዛይድን።

ዛይድ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ደግሞ ፊቱ ደም ለበሰ።

«ና አልኩህ! ለማፈር ጊዜ የለንም!»

ጠጠሩ ላይ ተንበረከከ። ኢቶ ራሱን አቅፋ በበርኖሱ ሸፈነችው፤ ከንፈሩ ጡቷን ነካ። ቀና ብላ በሙሉ ድምጿ ጮኸች፦

«እናንተ የአይት ይዝደግ ሰዎች፣ ስሙ! አላህም ይስማ! ይህ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ የጡት ልጄ ነው!»

«የደረቀ ጡት!» አለ ሐዱ። «ከስንት ዘመን በፊት የደረቀ! በልጄ ደም ትቀልጃለሽ?»

«የደረቀ ነው፤ ግን ለሕሰን የጠባው ጡት ነው።» የኢቶ ድምፅ ተለወጠ። «ሚስትህ ከወሊድ በኋላ በትኩሳት ስትቃጠል ለሕሰንን ታቅፈህ ደጄ የቆምከው አንተ አልነበርክም? እኔ የወለድኩትን ቀብሬ ገና እንባዬ ሳይደርቅ፣ “ኢቶ፣ ያ ወተት አይጥፋ፣ ልጄን አጥቢልኝ” ያልከኝ አንተ አልነበርክም? አጠባሁልህ። እንግዲህ ይህም ከዚያው ጡት ጠብቷል፤ የለሕሰን ወንድም ነው። ግደለው ካልክ ግደለው። ስትገድለው ግን “የለሕሰንን ወንድም ገደልኩ” በል!»

ከሐዱ ጎን የተንበረከኩት ሰዎች ተያዩ። ከሁሉም የሚሸመግለው የጠመንጃውን ሰደፍ መሬት ላይ አቆመ።

«ሕጉ ነው፣ ሐዱ» አለ።

«የልጄ ደምስ?» አለ ሐዱ። ያ ሁሉ ጩኸት ወጥቶለት የቀረው የአንድ አባት ድምፅ ብቻ ነበር። «የለሕሰን ደም የት ይግባ?»

ጉምጉምታው ቀርቧል። ውሃው የኢቶን ቁርጭምጭሚት ዋጠ። እሷ ግን አልተነቃነቀችም።

«ደሙ የነካውን ልብስ በዚህ እጄ አጥቤያለሁ፤ አትንገረኝ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ። እኔ የወለድኩት ቀድሞ ጠፋ። ያጠባሁትም ጠፋ። አሁን የቀረኝ የተናገርኩት ብቻ ነው፣ ሐዱ። እሱንም አትውሰድብኝ።»

ሐዱ የሚያይበት ቦታ የጠፋው ይመስል ሰማዩን አየ፣ ገደሉን አየ። ከዚያ በድንገት እንደ ነቃ ሰው ዘለለ።

«ምን ትቆማላችሁ?» ሰዎቹ ላይ ጮኸባቸው። «ውረዱ! ልጅቷን አስቀድሙ! በቅሎዎቹን!»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ለፍሬሓ እንደ ሕልም ነበር። አንዱ ሰው ከኮርቻ ነጥቆ ክንዷን ይዞ ዳገቱን አሯሯጣት። ባሃ በቅሎዎቹን በስማቸው እየጠራ፣ እየለመነ፣ እየተሳደበ ነዳቸው። ጥሎሹንና ኮርቻውን የጫነችው ኋለኛዋ በቅሎ ዳገቱ ሥር ስትደርስ እምቢ ብላ ቆመች። መኽሉፍ ከወገቡ ቢላዋ መዘዘና የጭነቱን ገመድ ራሱ በጠሰው።

«ይሂድ!» እያለ ጮኸ። «ሁሉም ይሂድ! አንቺ ብቻ ውጪ!»

ሣጥኑ ውሃው ላይ ወደቀ፤ ቀዩ ኮርቻም ከሰሌኑ ተፈትቶ አንዴ ብቅ ብሎ ጠፋ። በቅሎዋ ቀለል ሲላት ዳገቱን እንደ ፍየል ወጣችው።

በመጨረሻ የቀሩት ኢቶና ዛይድ ነበሩ። ዛይድ ከሥር ሆኖ በትከሻው ይገፋታል፤ የረጠበው በርኖስ ከብዶባታል። የጥበቃው ሰዎች እጇን ይዘው ሲስቧት፣ የመጀመሪያው የጭቃማ ውሃ ግድግዳ ጥምዙን ዞሮ ብቅ አለ። ዛይድ አንድ እግሩን አለት ላይ አድርጎ ሌላውን ሲያነሣ ውሃው ከጉልበቱ በላይ መታው። አለቱ አንሸራተተው።

ከላይ የተዘረጋለት የጠመንጃ ሰደፍ ነበር። አፈሙዙን የያዘው ሐዱ ነው። እጁን አልሰጠውም፤ ሰደፉን ነው የሰጠው። ዛይድ በሁለት እጁ ጨበጠው። ሁለቱ ሰዎች ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ለአንዲት ቅጽበት አንዱም አልተነቃነቀም። ፍሬሓ «ሊለቀው ነው» ብላ ዓይኗን ልትጨፍን ስትል፣ ሐዱ ጥርሱን ነክሶ ወደ ኋላ ተለጠጠና ጎትቶ አወጣው።

ውሃው ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ቅድም የቆሙበት ቦታ ላይ ሥሩ የተነቀለ ዛፍ እየተገለባበጠ አለፈ። ከዚያ ባሃ ድንገት መሳቅ ጀመረ፤ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የአንዷን በቅሎ እግር አቅፎ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሳቁ ተጋባባቸው። ፍሬሓ አባቷ ላይ ተጠምጥማ እየሳቀች አለቀሰች፣ እያለቀሰች ሳቀች። መኽሉፍም ቆቡን ውሃ ወስዶበት፣ ራሱን እየዳበሰ «አማቼ ያለ ኮርቻ ሲጋልብ ይኖራል እንግዲህ» ሲል ሽማግሌው ጠባቂ ሳይቀር ፈነዳ።

ሳቁ ሲበርድ መኽሉፍ ተነሥቶ ዛይድ አጠገብ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ቅድም ያልኩትን ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«አንተን ጠልቼ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ አባቴ። እኔም ልጅ ቢኖረኝ እንደዚያው እል ነበር።»

መኽሉፍ ትከሻውን ያዝ አደረገው።

ሐዱ ከግንቡ ውስጥ የገብስ ቂጣና ቅቤ ይዞ ወጣ። ለሁሉም ቆረሰላቸው። ዛይድ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ወንድምህን ይቅር አላልኩም» አለው።

«አውቃለሁ።»

«ካገኘሁትም…» ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። ቂጣውን እያየ ቆየና ከመሃሉ፣ ቅቤው ከበዛበት በኩል ቆርሶ ዘረጋለት። «ብላ። እናትህ አርጅታለች፤ ዳገት ላይ የሚደግፋት ጉልበት ያስፈልጋታል።»

ኢቶ ይህን ሰምታ ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም አዩ፤ ግን እንዳላዩ ሆኑ።

ፀሐይ የተራሮቹን ጫፍ ብቻ ስታቀላ የገደሉን አናት ይዘው ሰፊው ሜዳ ላይ ወጡ። በሜዳው ዳር ባለው የግንብ መንደር የሚኖሩት ጥቂት አይሁድ የመኽሉፍን ድምፅ ሰምተው ደጅ ወጡ። «ገና ነው? ሰንበት ገና አልገባም?» እያለ እየሮጠ ሲጠይቅ አንዲት ሴት «ገና ነው፣ ገና ነው! መብራቱን አሁን ላበራ ነው፤ ግባ!» አለችው። መኽሉፍ መቃኑ ላይ እጁን አሳርፎ ቆመ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባ።

ፍሬሓ ደረቅ ልብስ ለብሳ፣ ናና የሚሸት ትኩስ ሻይ ይዛ ግቢው ውስጥ ወደ ተቀመጠችው ኢቶ ሄደች።

«ላላ ኢቶ፣ ፈርተው ነበር?»

«ጉልበቴ እስኪብረከረክ።»

«አልታየም እኮ።»

«በርኖስ ምን ይሠራል መሰለሽ?»

ፍሬሓ ሳቀችና አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ሲጨንቃት የሰነበተውን ነገር በመጨረሻ አወጣችው። «ሰውየውን አላውቀውም። የማገባውን።»

«እኔም ሞሃን ሳላየው ነው የተዳርኩት» አለች ኢቶ ሻዩን ፉት እያለች። «ሳየው አለቀስኩ። ወላሂ፣ መልኩ የሚያስፈራ ነበር! ከዚያ አፉን ሲከፍት አሳቀኝ። እስኪሞት አሳቀኝ። አንቺም መጀመሪያ አፉን እስኪከፍት ጠብቂው።»

ሰንበትን እዚያው አርፈው እሑድ ተነሡ። ድንበሩ ላይ የቀጣዩ ጎሳ አሻጋሪ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ረጅም ሰው፣ ጠመንጃውን ተደግፎ ይጠብቃቸው ነበር። ሐዱ ማንም ሳይጠራው እስከዚያ ድረስ አብሯቸው መጥቷል። ኢቶ እንደ ሥርዓቱ መንገደኞቹን አንድ በአንድ እየጠራች አስረከበች።

«ኮርቻ ሠሪው መኽሉፍ። ልጁ ፍሬሓ፣ ሙሽራ ናት። በቅሎ ነጂው ባሃ፤ ወሬው ብዙ ነው፣ ታገሠው። ይህ ደግሞ ዛይድ፣ ልጄ።»

አሻጋሪው በቀረችው ዓይኑ ዛይድን መረመረው። «የሞሃ ሚስት ልጅ የላትም ሲሉ ነበር የሰማሁት።»

«አሁን አላት።»

ሰውየው ወደ ሐዱ ዞረ፤ ስለዚያ ደም ወሬው እሱም ጋ ደርሶ ነበርና መልሱን ከሐዱ አፍ ፈለገ። ሐዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የወንድሜ ሚስት ልጄ ካለች ልጇ ነው» አለ። «እኔም የወንድሙ አባት ነኝ። በደንብ ውሰደው።»

ዛይድ ጎንበስ ብሎ የኢቶን እጅ ሳመ። ከዚያ ለቅጽበት አመንትቶ የሐዱን ትከሻ ሳመ፤ ሐዱም አልሸሸም።

ጉዞው ቀጠለ። ፍሬሓ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ኮርቻዋ ላይ ዞራ ወደ ኋላ አየች። ኢቶ የሐዱ በቅሎ ላይ ተቀምጣለች። ሐዱ በእግሩ ከፊት ሆኖ ልጓሙን ይዞ፣ ድንጋዩን እየመረጠ ቀስ ብሎ ይመራል። ኢቶ አገጯ ደረቷ ላይ ወድቆ፣ እጆቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተው፣ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።